የመንገድ አንባቢው ወንበር

ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነበር። ፀሐይ ወጥታለች። አዳራሹ ውስጥ ከስድሳ የማያንሱ ሰዎች ነበሩ።

ይህን ያስቀደምኩት እዚህ የመናፍስት ታሪክ ቻናል ላይ የሚጻፈው ነገር ስላንገሸገሸኝ ነው። አንዱ «መብራት ጠፍቶ ነበር» ይላል። ሌላው «ብቻዬን ነበርኩ» ይላል። ሦስተኛው «እንቅልፍ ሸለብ አድርጎኝ ነበር መሰለኝ» ይላል።

መብራት አልጠፋም። ብቻዬን አልነበርኩም። እንቅልፍም ሸለብ አላደረገኝም።

የምነግራችሁ የሆነውን ነው። ማመን አለማመን የራሳችሁ ጉዳይ ነው፤ ለማሳመን አልለፋም።

በመናፍስት አላምንም። ከሚያምኑ ሰዎች ጋርም ከሰላምታ ያለፈ ወሬ የለኝም።

...

ድሮ የራሊ ሹፌር ነበርኩ። ራሊ ማለት በአቧራና በጭቃ መንገድ፣ በገደል አፋፍ፣ ከሰዓት ጋር የሚደረግ የመኪና ውድድር ነው። መኪናው ውስጥ ሁለት ሰው ይቀመጣል። አንዱ ይነዳል። ሌላው ደብተር ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ የሚመጣውን መታጠፊያ ሁሉ አስቀድሞ ያነባል... «ቀኝ፣ ጠባብ። መቶ ሜትር። ግራ፣ ሰፊ።»

እሱ መንገድ አንባቢ ይባላል።

የእኔ መንገድ አንባቢ የታናሽ እህቴ ባል ነበር።

የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት አንድ መታጠፊያ ላይ ገደል ገባን። እሱ ሞተ። እኔ ግራ እግሬ በሁለት ጣት አጥሮ ወጣሁ።

ከዚያ ወዲህ የድሮ የራሊ መኪናዎችን ሞዴል እሠራለሁ። መጫወቻ አይደለም። «መጫወቻ» ያለኝን ሰው ከቤቴ አስወጥቼዋለሁ፤ የሚስቴ ወንድም ነበር።

ከሳጥን የሚወጣው ሁለት መቶ ምናምን የፕላስቲክ ቁራጭ ነው። ተገጣጥሞ ሲያልቅ ከእውነተኛው መኪና ሃያ አራት ጊዜ ያንሳል። በወረንጦ ይነሳል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል፣ ይጣበቃል፣ ይቀባል። ትዕግሥት ይፈልጋል። ስለዚህ ለአብዛኞቻችሁ አይሆንም።

ሞዴል የምንሠራ ሰዎች ማኅበር አለን። እዚያ «ስህተት ቆጣሪ» ይሉኛል። ሊሰድቡኝ ያወጡት ስም ነው፤ እኔ ግን ወድጄዋለሁ። የማኅበሩ ሊቀመንበር የጥርስ ሐኪም ነው። አምና የሠራትን ቀይ መኪና አይቼ ሠላሳ አንድ ስህተት ቆጠርኩና በተራ ቁጥር ጻፍኩለት። መጨረሻ ላይ «ሙጫው ከበሩ ስር ተዝረክርኳል፤ በሽተኞቹን እግዜር ይጠብቅ» አልኩ።

ሰውዬው ሳቀ። አይናደድም። ይህም አንዱ ጉድለቱ ነው።

አንድ ሕግ አለኝ። ፎቶ ከሌለ፣ ሙጫ የለም። የእውነተኛውን መኪና ፎቶ ሳያይ የሚያጣብቅ ሰው ውሸታም ነው።

ከሁሉ የምንቀው ደግሞ አቧራ ቀቢውን ነው። ውስጡን በቅጡ መሥራት ያቃተው ሰነፍ መስታወቱን በአቧራ ቀለም ይሸፍነውና «ከውድድር የተመለሰ መኪና ነው» ይላል። ማጭበርበር ነው። ሦስት ጊዜ ጽፌበታለሁ።

...

ዘንድሮ ማኅበሩ በከተማው ቤተ መጻሕፍት አዳራሽ ዐውደ ርዕይ አዘጋጀ። ሐኪሙ ደወለልኝ።

«የራስህን መኪና ሥራልን» አለኝ። «ያቺን የወደቀችውን።»

እሺ አልኩ። ከእያንዳንዱ ሞዴል ፊት ታሪኩን የሚናገር ካርድ ይቀመጣል። የእኔን ካርድ አስቀድሜ ጻፍኩት። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር እንዲህ ይላል፦

«መኪናዋ ገደል የገባችው መንገድ አንባቢው ሁለት ገጽ በአንድ ላይ ገልጦ፣ መታጠፊያውን ሳይናገር ስላለፈው ነው።»

ያኔ ለመርማሪዎቹ የሰጠሁት ቃል ነው። መዝገቡ ላይም የሰፈረው ይኸው ነው።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ እህቴ መጣች። መሥሪያ ክፍሌ ጓሮ በኩል ነው፤ መስኮቱ ስር ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ መብራትና አጉሊ መነጽር፣ ግድግዳው ላይ ባለ መስታወት መደርደሪያ። አልተቀመጠችም። ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ካርዱን አነበበች።

«ጋሼ፣ ይቺን የመጨረሻዋን አውጣት።»

«እውነት ናት።»

«ውሸት ናት መች አልኩህ? ልጄ ቅዳሜ ትመጣለች። እስከ ዛሬ ከሰው አፍ ነው የሰማችው። አሁን ደግሞ አባቷን በካርድ ላይ ተሰድቦ ታንብበው?»

«ስድብ አይደለም። ማንበብ ትችል የለ? ታንብብ።»

ከዚያ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የጠየቀችኝን ጥያቄ ጠየቀችኝ።

«ያን ቀን... ምንም አላለህም?»

«ስንት ጊዜ ልንገርሽ? ምንም አላለም።»

ጥያቄው ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። እህቴ ማርገዟን ያወቀችው በውድድሩ ዋዜማ ነው። ባሏ ጎህ ሳይቀድ ስለሚወጣ፣ በቁራጭ ወረቀት ጽፋ ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተችለት። ኮቱ ተመለሰላት። ወረቀቷ ግን ኮቱ ውስጥ አልነበረችም። አንብቧት ይሁን ሳያነባት ጠፍታ፣ አታውቅም። ልጅቷም ያደገችው በዚሁ ጥያቄ ነው... አባቴ ስለ እኔ ያውቅ ነበር?

ሊመልስ የሚችል አንድ ሰው ብቻ አለ።

እህቴ ወጣች። እኔ ሥራዬን ቀጠልኩ።

...

ሳጥኑ ውስጥ ሹፌርና መንገድ አንባቢ የሆኑ ሁለት የፕላስቲክ ሰዎች አሉ። ሄልሜት ያደረገው ራሳቸው አተር ያክላል።

የመንገድ አንባቢውን ራስ ወደ ደብተሩ አቀርቅሮ አጣበቅኩት። ካርዴ እንደሚለው። ደብተሩን ከሲጋራ መጠቅለያ ወረቀት ቆርጬ ሠራሁለት። ስድስት ቅጠል። እኔ የምቆጥረውን አውቃለሁ፤ ስድስት ነው።

ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት።

ራሱ ቀና ብሏል።

ሙጫው ነው አልኩ። ፕላስቲኩ የሠላሳ ዓመት ዕድሜ አለው፤ የቆየ ፕላስቲክ ያጎበጡትን ይመልሳል። ማንም ጀማሪ ያውቀዋል።

ግን አጉሊ መነጽሩን አምጥቼ አየሁት...

ሙጫ ሲለቅ ቀለም ይሰነጠቃል። አንገቱ ላይ የቀባሁት ቀለም አልተሰነጠቀም። አንዲት ጭረት የለውም። ከመጀመሪያውም ቀና ብሎ የተቀባ ነው የሚመስለው።

አንገቱን ቆረጥኩት። በቀጭን መሰርሰሪያ በሳሁት፣ የናስ ሽቦ ከተትኩበት፣ አቀርቅሬ አጣበቅኩት። ቀለም ደገምኩት።

ረቡዕ።

ራሱ ቀና ብሏል። ዞሯልም። ወደ ግራ... ወደ ሹፌሩ።

ሽቦው ጠረጴዛው ላይ ነው። ቀጥ ብሎ፣ ከወረንጦው ጎን፣ መሣሪያዎቼን እኔ በምደረድርበት አደራደር።

ሚስቴን ጠራኋት።

«እዚህ ገብተሽ ነበር?»

«እኔ? እዚያ የቀለም ሽታ ውስጥ? ምን በወጣኝ?»

«ማንም አልነካም?»

«አንተ ራስህ ነክተህ ረስተኸው ይሆናል። ዕድሜ ነው።»

በሩን ዘጋሁባት።

ከዚያ ደብተሩን አየሁ። በመርፌ ጫፍ ቅጠሎቹን ገለጥኳቸው። አንድ... ሁለት... ሦስት... አራት... አምስት... ስድስት...

ሰባት።

ሰባተኛዋ ከሌሎቹ ታንሳለች። ለሁለት ታጥፋለች። ወረቀቷም የእኔ ወረቀት አይደለችም።

ልገልጣት ወረንጦውን አነሳሁ። ወረንጦውን መልሼ አስቀመጥኩት።

...

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የጥርስ ሐኪሙ ፖስታ ይዞ መጣ።

«ፎቶ አግኝቼልሃለሁ» አለኝ። «አንድ ሽማግሌ ስለ ዐውደ ርዕዩ ሰምተው ላኩት። ያን ቀን መታጠፊያው ጋ ቆመው ነበር። ከመውደቃችሁ ምናልባት ሁለት ሰከንድ በፊት ነው ያነሱት።»

ተቀበልኩት።

መኪናዋ ፊት ለፊት ትታያለች። በፊት መስታወቱ ውስጥ ሁለት ሰው አለ። መንገድ አንባቢው አላቀረቀረም። ራሱ ወደ ግራ ዞሯል። አፉ ተከፍቷል። ደብተሩ ጉልበቱ ላይ ነው፤ ከአውራ ጣቱ ስር አንዲት ትንሽ ነጭ ወረቀት...

ሐኪሙ ፎቶውን አየ። ጠረጴዛው ላይ ያለችውን መኪና አየ። እንደገና ፎቶውን አየ።

«ይህን ሳታይ እንዴት ሠራኸው?» ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው።

«አልሠራሁትም።»

«ምን ማለት ነው?»

«አልሠራሁትም ማለት ነው።»

አጉሊ መነጽሩን ሳበና ጎንበስ አለ። ብዙ ቆየ።

«ደብተሩን እያየ አልነበረም» አለ። «አንተን ነው የሚያየው። እየተናገረ ነው።»

«የመስታወት ነጸብራቅ ነው።»

«አፉ ክፍት ነው።»

«ዶክተር፣ አንተ ቀኑን ሙሉ የሰው አፍ ስታይ ስለምትውል ሁሉም አፍ ክፍት ይመስልሃል።»

ይሄኔ አልሳቀም።

«ፎቶ ከሌለ ሙጫ የለም ትል የለ? ይኸው ፎቶ። ካርዱን ቀይረው።»

«አንተ መጀመሪያ የቀይዋን መኪና በር ቀይር።»

ፖስታውን ጠረጴዛው ላይ ትቶት ወጣ።

...

እንግዲህ ስሙኝ። ከዚያ ፍረዱ። ፍርዳችሁን ከቁጥር አላስገባውም።

አንብቧት ነበር።

መነሻው መስመር ላይ ተራችንን ስንጠብቅ እጁን ለሙቀት ኪሱ ሲከት አገኛት። አነበባት። ለብቻው ሳቀ። ደግሞ አነበባት። አጥፎ ደብተሩ ውስጥ አስገባት። ከዚያ ተነሳን፤ መታጠፊያዎቹን አንድ በአንድ ያነብልኝ ጀመር። አንድም ገጽ አልዘለለም። አንድም ቃል አልሳተም።

ያ መታጠፊያ ሊደርስ ሲል ቀና አለ። ወደ እኔ ዞረ።

«ቀኝ፣ ጠባብ» አለኝ። «ቀስ በል። በናትህ ዛሬ ቀስ እንበል። አባት ልሆን ነው።»

ናቅኩት።

ሌላ ስም አልሰጠውም፤ ንቀት ነው። ገና ፊቱ እንኳ ያልተሠራ ፅንስ ጉልበቱን አራደው ብዬ ናቅኩት። «ከፈራህ ውረድ» አልኩትና ነዳጁን እስከ ታች ረገጥኩት።

ሰዎች ገደሉን ወርደው ሳይደርሱልን ወረቀቷን ከጣቱ ስር መንጭቄ አወጣኋት። ወረቀቷ ከተገኘች፣ አንብቦ ምን አለ የሚል ጥያቄ ይመጣል። ሆስፒታል መጸዳጃ ቤት ውስጥ ቀዳድጄ ውሃ ለቀቅኩባት።

ሃያ ሁለት ዓመት ሆነው። ደህና እተኛ ነበር።

...

ዓርብ መንገድ አንባቢውን ከወንበሩ ልነቅለው ሞከርኩ። በቢላ፣ በጉጠት፣ በሙጫ ማሟሚያ ሞከርኩ። ወንበሩ ሊሰበር ደረሰ እንጂ እሱ አልተነቃነቀም።

ስለዚህ መስታወቶቹን ከውስጥ በኩል በአቧራ ቀለም ነፋኋቸው። ማንም ከውጭ እንዳይጠርገው ብዬ ነው ከውስጥ ያደረግኩት። ጥቅጥቅ ያለ ቡናማ ሆነ። ከዚያ ጣሪያውን ገጠምኩት፣ ዙሪያውን በሙጫ ደፈንኩት።

አዎ፣ ማጭበርበር ነው ብዬ ሦስት ጊዜ ጽፌ ነበር። አራተኛ አልጻፍኩም።

ሌሊቱን በመስታወት ሳጥን ቆልፌ አሳደርኳት። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር። ጠዋት አዳራሹ ስወስዳት ቡናማው ቀለም እንደተነፋ ነው፤ አንዲት ነቁጥ አልነበረበትም። አጉሊ መነጽር ይዤ ነው ያየሁት።

...

ቅዳሜ፣ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል።

እህቴና ልጇ መጡ። ልጅቷ ሃያ አንድ ዓመቷ ነው፤ ረዘም ያለች፣ ብዙ የማትናገር። በየጠረጴዛው ቆም እያለች ሁሉንም አየች። የሐኪሙን ቀይ መኪና «ደስ ትላለች» አለች። የባለሙያ ዓይን የላትም።

የእኔ ጋ ደረሰች። ካርዱን አነበበች። መጨረሻው ላይ ስትደርስ ዓይኗ ቆመ። ደግማ አነበበችው።

«አጎቴ።»

«ወዬ።»

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። ከዛሬ በኋላ አልጠይቅህም።»

«ጠይቂ።»

«ምንም አላለም?»

እህቴ የቦርሳዋን ማንገቻ በሁለት እጇ ይዛለች። ሐኪሙ ከመስኮቱ ጋ ሆኖ ዓይን ዓይኔን ያየኛል። አንድ ቃል ነበር የሚያስፈልገው። «አውቆ ነበር» ለማለት ከሳል የበለጠ ትንፋሽ አይፈጅም።

«ምንም» አልኳት።

አላለቀሰችም። ወደ መስታወት ሳጥኑ ጎንበስ አለች።

«መስታወቷ ለምን ቆሸሸ?»

«ከውድድር የተመለሰ መኪና ነው።»

«ተመልሶ ነበር እንዴ?» አለች፤ ቀና ሳትል።

ካርዱን አቃናሁት። መልስ አልጠበቀችም።

እንዳጎነበሰች ቆየች... ከሚገባው በላይ ቆየች። ፊቷ ከሳጥኑ ጋር ሊነካካ ነው።

ከዚያ ጆሮዋን ዘንበል አደረገች።

«እ?» አለች በሹክሹክታ።

እኔን አይደለም።

ራሷን ነቀነቀች። ቆመች። ነቀነቀች። ቆመች። የማያውቀውን መንገድ የሚነግሩት ሰው እንደሚያደርገው... አጭር፣ በመሐል ትንሽ ዝምታ፣ ደግሞ አጭር።

እኔ ምንም አልሰማሁም። የሰው ጫጫታ ብቻ ነው የሰማሁት። አንድ ሕፃን ይነጫነጫል፤ አንዱ ስልክ ላይ ይስቃል።

«እሺ» አለች።

ቀና አለችና ወደ እናቷ ዞረች። ፊቷ ላይ ያለውን ነገር በእህቴ ፊት አይቼው አላውቅም፤ በሌላ ሰው ፊት ግን አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ መነሻው መስመር ላይ።

«እማዬ፣ አንብቧታል።»

«ምኗን?»

«ወረቀቷን። ሁለት ጊዜ ነው ያነበባት።»

እህቴ ማን ነገረሽ አላለችም። ከቦርሳዋ ማንገቻ አንዱን እጇን አነሳችና አፏ ላይ አደረገችው።

ልጅቷ ከዚያ እኔን አየችኝ። በቁጣ አይደለም፤ ቁጣን እችለዋለሁ። ከላይ እስከ ታች አየችኝ፤ ለመቁጠር እንኳ እንደማያበቃ ሥራ። እናቷን በክንዷ ይዛ ወጣች።

ሐኪሙም ተከትሏቸው ወጣ።

እኔ ወደ መኪናዋ አጎነበስኩ።

የፊት መስታወቱ ላይ፣ በመንገድ አንባቢው በኩል፣ ቡናማው ቀለም ተነስቷል። ከውስጥ። የመዳፍ ቅርጽ ነው፤ ከስንዴ ፍሬ አይበልጥም። አምስት ጣት አለው። ያ የፕላስቲክ ሰው እኮ ጣት የለውም፤ እጁ ከጉልበቱ ጋር አንድ ላይ የፈሰሰ ድብልብል ነው።

አንድ መዳፍ። ረጋ ብሎ፣ አንዴ ብቻ ተቀምጦ የተነሳ። ልጅቷ ፊቷን አስጠግታበት በነበረው ቦታ ትክክል።

በሹፌሩ በኩል ግን...

በሹፌሩ በኩል፣ በእኔ በኩል፣ አንድ አይደለም። መስታወቱ ላይ፣ በሩ ላይ፣ ጥጉ ላይ፣ አንዱ በሌላው ላይ ተደራርቧል። መዳፍ። ጡጫ። ከላይ ወደ ታች የተጎተቱ የጥፍር መስመሮች።

አጉሊ መነጽሬን አወጣሁና መቁጠር ጀመርኩ።

አርባ ሦስት ደርሼ ነበር...

እያየሁት አንድ ተጨመረ።